እግር ሳይደነዝዝ በቀዝቃዛ ውሃ መዋኘት፦ ከዝግጅት እስከ ማሞቅ

በቀዝቃዛ ሐይቅ ወይም ባሕር የሚዋኝ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚያማርረው እግሩን ነው። የኒዮፕሪን (አረፋ ያለበት ለስላሳ ጎማ) ካልሲ ገዝቶ ውሃ ይገባል፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቹን አልሰማ ይላል። ከዚያ የበለጠ ወፍራም ይገዛል፤ አሁንም ያው ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውፍረቱ አይደለም። ወይ እግሩ ውሃ ሳይነካ መሬት ላይ ቀዝቅዟል፣ ወይ ካልሲው ውስጥ ውሃ እየገባ እየወጣ ነው፣ ወይ ደግሞ ካልሲው ጠብቆ ደም ከልክሏል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እነዚህን ሦስት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይደፍናል።

መጀመሪያ፦ የማይገባ ሰው

የስኳር ሕመም ያለበት፣ የእግሩ ነርቭ የተጎዳ፣ የደም ዝውውር ችግር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር በቀዝቃዛ ውሃ አይዋኝ። በትንሽ ብርድ ጣቶቹ ነጭ ከዚያ ሰማያዊ የሚሆኑበት ሰውም እንደዚሁ። ቀድሞ በብርድ ተጎድቶ የሚያውቅ እግር ደግሞ ከሌላው ቶሎ ይጎዳል።

ለውድድር ወይም ለተመዘገበ ርቀት የምትዘጋጁ ከሆነ ደንቡን አስቀድማችሁ አንብቡ። የእንግሊዝ ቻናልን በባህላዊው ደንብ የሚያቋርጥም፣ 5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በታች በሆነ ውሃ አንድ ማይል ("አይስ ማይል" የሚባለውን) የሚዋኝም ኒዮፕሪን አይፈቀድለትም። ለእነሱ ከዚህ መመሪያ የሚጠቅማቸው ከውሃ በፊትና ከውሃ በኋላ ያለው ክፍል ነው።

እግር ለምን ቀድሞ ይቀዘቅዛል?

ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ ውሃ ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ ያስተላልፋል። ስለዚህ እግር ላይ ረግቶ የተቀመጠ ውሃ ይሞቃል፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ ግን የሞቀውን ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ሰውነት ሲበርደው ልብንና ሆድ ዕቃን ለማዳን የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ያጠብባል። እግር ጡንቻው ትንሽ፣ ቆዳው ሰፊ ስለሆነ ደም ከቀነሰበት ራሱን የሚያሞቅበት ምንም የለውም። ራሱና ደረቱ የበረደው ሰው እግሩ ላይ ምንም ቢደርብ የማይሞቀው ለዚህ ነው። ከወፍራም ካልሲ በፊት ጥሩ የዋና ኮፍያ ግዙ።

## ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን መምረጥ

የውሃውን ሙቀት ለኩ። ቴርሞሜትሩን ዳር ላይ አትንከሩት፤ ጥልቀት የሌለው ዳር ፀሐይ ሲነካው ቶሎ ይሞቃል፣ ሌሊት ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ወገብ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ከላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ያዙት።

ውፍረት። እንደ መነሻ እነዚህን ውሰዱ፦

- ከ15 ዲግሪ በላይ፦ ለቅዝቃዜ ብላችሁ ምንም አያስፈልጋችሁም፤ ለድንጋይና ለስባሪ ግን ሊያስፈልግ ይችላል።
- ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፦ 3 ሚሊ ሜትር።
- ከ10 ዲግሪ በታች፦ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር።
- ወደ 5 ዲግሪና ከዚያ በታች፦ 5 ሚሊ ሜትር፤ ከዚያም የቆይታውን ጊዜ ማሳጠር።

7 ሚሊ ሜትር የሚሆኑም አሉ። ለጠላቂ ጥሩ ናቸው፤ ለዋናተኛ ግን አልመክርም። ኒዮፕሪን በውስጡ በታሸጉ የጋዝ አረፋዎች ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ይንሳፈፋል። በዌትሱት (ሰውነትን በሚሸፍን የኒዮፕሪን የዋና ልብስ) ላይ ወፍራም ካልሲ ከጨመራችሁ ተረከዛችሁ ከውሃው ወጥቶ አየር ትራገጣላችሁ። ያለ ዌትሱት ደግሞ እግር ወደ ላይ፣ ዳሌ ወደ ታች ይሆንና ወገባችሁን ያማችኋል።

ካልሲ ወይስ ቦት? ወፍራም ሶል የሌለው የኒዮፕሪን ካልሲ ለመዋኘት የተሻለ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፣ እግር ይዘረጋል። ሶል ያለው ቦት የሚያስፈልገው መግቢያው ሹል ድንጋይ፣ ዛጎል ወይም የባሕር ጃርት ያለበት ከሆነ ነው። ጎን ላይ ዚፕ ያለውን ተዉት። ዚፑ ውሃ ያስገባል፤ አሸዋ ከገባበት ደግሞ በደነዘዘ ጣት አይከፈትም።

ስፌት። ካልሲውን ገልብጡና ስፌቱን ተመልከቱ። መርፌው ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ካለፈ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውሃ ያስገባል። የምትፈልጉት ጠርዝ ለጠርዝ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ ክሩ በግማሽ ውፍረት ብቻ የተሰፋውን ነው። ከውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ የጎማ መስመር የተቀባ ከሆነ ደግሞ እጅግ ጥሩ።

አንገት። ከቁርጭምጭሚት ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚል፣ ውስጡ ለስላሳ ጎማ የሆነ አንገት ያለው ይሁን። ለስላሳ ጎማ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ጨርቅ አይለጠፍም።

## ደረጃ 2፦ ልኩን ቤት ውስጥ መፈተሽ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ "ምቹ ነው" ያላችሁት ካልሲ ውሃ ውስጥ ሰፊ ነው።

1. ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፤ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ድረስ ሁለቱንም እግር ለኩ። በትልቁ እግር ግዙ። ልካችሁ በሁለት ቁጥሮች መካከል ከወደቀ ትንሹን ሞክሩ፤ ጣት ካላጠፈ እሱን ውሰዱ።
2. ደረቁን ልበሱት። ለማጥለቅ መታገል አለባችሁ። ጣቶች ሳይታጠፉ ጫፉን ይንኩ።
3. በውስጥ እግር ጉድጓድና ከተረከዝ በላይ ባለው ቦታ ኒዮፕሪኑን በሁለት ጣት ቆንጥጡ። እጥፋት ከተነሣ እዚያ ውሃ ይጠራቀማል። የጣቶቹን ጫፍም ቆንጥጡ፤ ባዶ ቦታ ካለ ካልሲው ትልቅ ነው።
4. አሥር ደቂቃ ተንቀሳቀሱበት፤ ከዚያ አውልቁ። ጣቶቹ ነጥተው ወይም ስፌቱ ጠልቆ ምልክት ትቶ ከሆነ ጠቧችኋል። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እስኪነጣ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ በሞቀ ክፍል ውስጥ በሁለት ሰከንድ ገደማ ቀለሙ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ደም እየተከለከለ ነው፤ እንዲህ ያለው ካልሲ ከባዶ እግር ይከፋል።
5. አሁን በውሃ። ሳፋ ወይም ገንዳ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉና ካልሲውን ለብሳችሁ አንገቱ እስኪሸፈን አስገቡ። ቁርጭምጭሚታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ሃያ ጊዜ አንቀሳቅሱ። አንድ ጊዜ ቀዝቅዞ ቀስ በቀስ ከሞቀ ልኩ ነው። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አዲስ ቅዝቃዜ ሽው ካለባችሁ ውሃው እየተቀያየረ ነው።
6. ከየት እንደሚገባ ለማወቅ ካልሲውን አውልቁ፣ ውሃ ሙሉበትና አንጠልጥሉት። ስፌቱ ላይ ጠብታ ካያችሁ ችግሩ ስፌቱ ነው (መጠገኛው መጨረሻ ላይ አለ)። ጠብታ ከሌለ የሚገባው በአንገቱ ነው።

ትንሽ ውሃ መግባቱ አያስጨንቃችሁ፤ መግባቱ አይቀርም። ዋናው የገባው ባለበት መቆየቱ ነው።

እግሩ ቀጭን ለሆነ ሰው ትንሹ ቁጥር እንኳ ከሰፋው፣ ከሥር 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ የዋና ካልሲ ይደርብ። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ከኒዮፕሪን ሥር አታድርጉ፤ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ጣቶችን ይጨፈልቃል።

## ደረጃ 3፦ ቀደም ብሎ የሚዘጋጅ

እግራችሁን። ጥፍራችሁን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ፤ ረጅም ጥፍር ኒዮፕሪን ይቀዳል። በዕለቱ ከቆረጣችሁት ግን የተላጠ ቆዳ ጨው ውሃ ሲነካው ያቃጥላል። የተሰነጠቀ ተረከዝና የፈነዳ ውሃ ቋጠሮ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍኑ። እግራችሁ ላይ የፈንገስ ምልክት ካለ መጀመሪያ ታከሙት፤ እርጥብ ኒዮፕሪን ያባብሰዋል።

ስለ ቅባት አንድ ነገር። ቫዝሊንም ሆነ ሌላ ስብ በስሱ ተቀብቶ ሙቀት አይጠብቅም፤ ሥራው መፋቅን መከላከል ነው። በዚያ ላይ ቫዝሊን ከነዳጅ የሚሠራ በመሆኑ ኒዮፕሪንና ማስቲሹን ያበላሻል። አንገቱ የሚፍቃችሁ ከሆነ የነዳጅ ውጤት የሌለበት ቅባት ተጠቀሙ።

ቦርሳችሁን። እነዚህ ይኑሩ፦

- ውሃ የማይመጥ የስፖንጅ ምንጣፍ፣ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። ፎጣ ምንጣፍ አይሆንም፤ ከረጠበ መሬቱን እንደመንካት ነው።
- ማሰሪያ የሌለው ሰፊ ጫማ። ከውሃ ስትወጡ ጣቶቻችሁ ማሰሪያ አያስሩም።
- ሰፋ ያለ የሱፍ ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ። ጥጥ አይደለም፤ ጥጥ ከረጠበ ሙቀቱ ያልቃል።
- ለእግር ብቻ የሚሆን ትንሽ ፎጣ።
- በፔርሙዝ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ። የሚጠጣውን ትኩስ ነገር በሌላ ፔርሙዝ ያዙ፤ ሁለቱን ምልክት አድርጉባቸው። የፈላ ሻይ እግር ላይ የሚፈስሰው ሁልጊዜ በስህተት ነው።
- ሁለት ፌስታል።

ዕቃዎቹን በተገላቢጦሽ ክተቱ፤ ከውሃ ስትወጡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ከላይ ይሁን። የሱፍ ካልሲዎቹን ሙቅ ውሃ ባለው የጎማ ከረጢት ዙሪያ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

በዕለቱ። ከመዋኘት በፊት አታጭሱ፤ ኒኮቲን የእግርን ደም ሥር ያጠብባል። አልኮል አትጠጡ፤ ሞቅ ያለ ቢመስልም የሰውነትን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክናል፣ የማመዛዘን ችሎታንም ይወስዳል። ብቻችሁን አትሂዱ።

## ደረጃ 4፦ ውሃው ዳር፣ የአለባበስ ቅደም ተከተል

ቀዝቃዛ እግር ኒዮፕሪን ውስጥ ቢገባ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል። ኒዮፕሪን ያለውን ሙቀት ያቆያል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። ስለዚህ፦

1. ልብስ ሳትቀይሩ አሥር ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ጣቶቻችሁ እስኪሞቁ ድረስ ጫማ አታውልቁ።
2. ምንጣፉን ዘርጉ። ከዚህ በኋላ ባዶ እግራችሁ ከምንጣፉ ውጪ መሬት አይንካ።
3. ፌስታል እግራችሁ ላይ አጥልቁና በዌትሱቱ ውስጥ አሳልፉት፤ በቀላሉ ይንሸራተታል። ካለፈ በኋላ ፌስታሉን አውጡ።
4. የዌትሱቱን የእግር ጫፍ ወደ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ገልብጡ።
5. የኒዮፕሪን ካልሲውን እስከ ግማሽ ገልብጣችሁ ጣቶቻችሁን አስገቡ፤ ከዚያ ወደ ተረከዝ ዘርጉት። አንገቱን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ስፌቱ የሚለቀው በዚያ ነው።
6. ካልሲው ላይ ሰፊውን ጫማ አጥልቁና የቀረውን ልብስ፣ ኮፍያና መነጽር ጨርሱ። ጓንት ገና ነው።
7. ውሃ ለመግባት ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ ለብ ካለው ውሃ ግማሽ ስኒ ያህል በእያንዳንዱ ካልሲ አንገት አፍስሱ። ከጣት ወደ ላይ እየጨመቃችሁ ትርፉንና አየሩን አስወጡ። አሁን የውስጡን ቦታ የያዘው ሙቅ ውሃ ስለሆነ ቀዝቃዛው የሚገባበት ቦታ ያጣል። ይህን ቀድማችሁ አድርጋችሁ ነፋስ ላይ ቆማችሁ ወሬ ከጀመራችሁ ግን ጉዳቱ ይበልጣል።
8. የገለበጣችሁትን የዌትሱት ጫፍ በካልሲው አንገት ላይ መልሱ፤ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ። ዌትሱቱ ከላይ፣ ካልሲው ከሥር። በነፃ ቀዘፋ ውሃው ከራስ ወደ እግር ይፈስሳል፤ ካልሲው ከላይ ከሆነ አንገቱ አፉን ከፍቶ ውሃውን እንደ ጆንያ ይቀበላል።
9. ጓንት አጥልቁ።

ያለ ዌትሱት የምትዋኙ ከሆነ አንገቱን በካልሲው ማሰሪያ አጥብቁ፤ አንድ ጣት ከሥሩ መግባት መቻል አለበት። በጠባብ ላስቲክ ወይም በሽቦ አትሰሩ።

## ደረጃ 5፦ መግባት

ጫማችሁን እስከ ውሃው ጫፍ ድረስ አድርጉና ማዕበል በማይደርስበት፣ ስትወጡ ግን በሁለት እርምጃ በምታገኙት ቦታ አስቀምጡ። ባሕር ከሆነ ውሃው እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ የሚለውን አስቡ።

አትዝለሉ። ድንገተኛው ቅዝቃዜ የሚያስከትለው መተንፈስ የሚያቅት ድንጋጤ በመጀመሪያዎቹ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ነው የሚበረታው፤ ራስ ከውሃ በታች እያለ ከመጣ አደገኛ ነው። ታችኛው በማይታይበት ውሃ እግራችሁን አታንሡ፤ በአሸዋው ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ዓሣ ሲገፋ ይሸሻል፣ ሲረገጥ ይወጋል።

ወገብ ድረስ ስትደርሱ ቁሙ። ትንፋሻችሁ እስኪረጋ ጠብቁ፤ በዚያው ጊዜ እያንዳንዱን እግር አንሥታችሁ የካልሲው አንገት አካባቢ የቀረ አየር ካለ ጨምቁት።

## ደረጃ 6፦ በውሃ ውስጥ

ለመሞቅ ብላችሁ አትራገጡ። ጠንካራ ርግጫ የካልሲውን ውሃ ያስወጣል፣ አዲስ ያስገባል፣ ከዚያም ያደክማል። ርግጫው ለስለስ ያለ፣ ከዳሌ የሚመጣ ይሁን።

በየአምስት ደቂቃው ፈትሹ። ጣቶቻችሁን አሥር ጊዜ አጥፋችሁ ዘርጉ። ከዚያ አውራ ጣትን ከጎኑ ካለው ጣት ጋር አፋትጉ፤ መፋተጉ ይሰማችኋል? መጀመሪያ ማቃጠልና ሕመም አለ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሕመሙ ጠፍቶ ሙቀት ከተተካ ካልሲው እየሠራ ነው። ሕመሙ ጠፍቶ ምንም ካልተተካ እግራችሁ ደንዝዟል። ብዙ ሰው ይህን "ለመድኩት" ብሎ ይተረጉመዋል።

ጣት መፋተጉ ካልተሰማችሁ ወደ ዳር ዙሩ። በሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ዳር መድረስ እንድትችሉ ከመጀመሪያውም ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኙ፤ ወደ መሃል አትሂዱ።

"ለእያንዳንዱ ዲግሪ አንድ ደቂቃ" የሚባል ልማድ አለ፤ 8 ዲግሪ ከሆነ 8 ደቂቃ ማለት ነው። ለጀማሪ እንደ ጣሪያ ውሰዱት፤ መድረስ ያለባችሁ ግብ አድርጋችሁ አትያዙት። በነፋስ፣ በእንቅልፍ እጦት ወይም በባዶ ሆድ ከእሱም ቀንሱ። ውሃው ገና ሳይበርድ ጀምራችሁ፣ ወቅቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ አብራችሁ ብትቀጥሉ በአጫጭር ተደጋጋሚ መግባት ትንፋሽ ይለምዳል። እግር ግን እንደ ትንፋሽ አይለምድም፤ ልምድ ባለው ዋናተኛም ይደነዝዛል።

እግራችሁ ደህና ሆኖ እንኳ ትንሿ የእጅ ጣት ከሌሎቹ ተለይታ አልገጥም ካለች፣ ምታችሁ ከዘገየ ወይም ቃል ከተንተባተባችሁ ወዲያውኑ ውጡ። ይህ የመላ ሰውነት መቀዝቀዝ ነው።

## ደረጃ 7፦ መውጣትና ማሞቅ

የደነዘዘ እግር ድንጋይ መርገጡን አይነግራችሁም። ስለዚህ እግራችሁን በዓይናችሁ እያያችሁ ርገጡ። ድንጋያማ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ በመቀመጫችሁ ተጎተቱ፤ መሰላል ከሆነ በሁለቱም እጅ ያዙ።

ከወጣችሁ በኋላ ሰውነት ለአሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ መቀዝቀዙን ይቀጥላል። እስካሁን ደህና ስለሆናችሁ አትዘናጉ፦

1. ምንጣፉ ላይ ቁሙ። ራሳችሁን አድርቁና የሱፍ ኮፍያ አድርጉ።
2. ከላይኛው አካላችሁ እርጥቡን ልብስ አውልቁ፣ ሰውነታችሁን አድርቁ፣ ደራርባችሁ ልበሱ። የኒዮፕሪን ካልሲው እስካሁን እግራችሁ ላይ ይቆይ፤ እርጥብም ቢሆን ነፋስ ይከልላል። ባዶ እግራችሁን የዋኛችሁ ከሆነ ግን እግራችሁን ጠረግ አድርጋችሁ ወዲያው ሰፊው ጫማ ውስጥ አስገቡ።
3. ቁጭ በሉ። የዌትሱቱን ጫፍ ወደ ላይ ግለጡና የኒዮፕሪን ካልሲውን ከአንገቱ ጀምሮ እየገለበጣችሁ አውልቁ፤ ከዚያ ዌትሱቱን ጨርሱ።
4. በእግር ፎጣው በጣቶች መካከል ሳይቀር አድርቁ፤ ተጫኑ እንጂ አትሹ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ እግራችሁን ተመልከቱ፤ ቁስል ካለ አሁን የምታዩት እንጂ የምትሰሙት አይደለም።
5. የሞቀውን የሱፍ ካልሲ፣ ከዚያ ጫማውን። ካልሲው ከጠበቀ ሁለተኛ አትደርቡ።
6. ትኩስ ጣፋጭ ነገር እየጠጣችሁ ቀስ ብላችሁ ወዲያ ወዲህ በሉ።

የማይደረግ። እግርን እሳት፣ ማሞቂያ ወይም ሙቅ ውሃ ላይ አታስጠጉ፤ ያልሰማ ቆዳ ሲቃጠልም አይሰማም። አትሹት። ወዲያው ሙቅ ሻወር አትግቡ፤ የደም ግፊት ወርዶ ልትወድቁ ትችላላችሁ። የመኪና ፔዳል በእግራችሁ በትክክል እስኪሰማችሁ ድረስ አትንዱ።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ካልሲው በውሃ ተነፍቶ እንደ ባልዲ ሲጎትት። አትታገሉ። በጀርባ ተንሳፈፉ፣ ጉልበታችሁን ወደ ደረት ስቡ፣ ከጣት ወደ አንገቱ እየጨመቃችሁ አስወጡ። ከደገመ ለዛሬ ይበቃል፤ ቤት ገብታችሁ ደረጃ 2ን ድገሙ።

የባት ወይም የውስጥ እግር ጡንቻ ሲይዝ። በጀርባ ተንሳፈፉ፣ ጣቶቻችሁን ይዛችሁ ወደ ቅልጥም ጎትቱ፣ ሃያ ሰከንድ ያዙ። ሲለቅ በሌላ የአዋዋኝ ስልት ወደ ዳር ሂዱ። በየጊዜው አንዱ እግር ብቻ የሚይዘው ከሆነ የዚያን እግር ካልሲ ጥበት ጠርጥሩ።

መቆረጥ። ቁስሉን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ተጭናችሁ ደሙን አቁሙ። እግሩ ሲሞቅ ደም መልሶ ሊጨምር ስለሚችል ፋሻውን ደግማችሁ እዩ። ጥልቅ ከሆነ፣ ውስጡ ስባሪ ከቀረ ወይም የቴታነስ ክትባታችሁ ጊዜው ካለፈ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የዊቨር ዓሣ (አሸዋ ውስጥ የሚቀበር፣ መርዛማ እሾኽ ያለው ዓሣ) መውጋት። "ሙቅ ውሃ አይነካም" የሚለው ደንብ የሚሻርበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው። የዓሣው መርዝ በሙቀት ይዳከማል። እሾኹን አውጡ፣ እግሩን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ውሃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ንከሩ። ግን እግሩ የደነዘዘ ስለሆነ ውሃውን ያልዋኘ ሰው በእጁ ይሞክረው።

ከሰዓታት በኋላ ጣት ላይ የሚያሳክክ ቀይ ወይም ሐምራዊ እብጠት። በብርድ የሚመጣ የቆዳ መቆጣት ነው። አትከኩት፤ እግራችሁን ደረቅና ሞቃት አድርጋችሁ ያዙ። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ከሚያባብሰው ነገር አንዱ በፍጥነት ማሞቅ ነው።

በማግስቱም ያልተመለሰ መደንዘዝ። እግሩ ሲሞቅ ካበጠ፣ ቀልቶ ካቃጠለ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ጋ ሂዱ። ውሃው በረዶ ሳይሆን፣ ከዜሮ በላይ በሆነ ሙቀትም ቢሆን ነርቭና ደም ሥር ይጎዳል። እስከዚያው እግሩን ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉ፣ ሰውነታችሁን አሙቁ፣ እግሩን ለብቻው አታሙቁ። ስሜቱ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ቀዝቃዛ ውሃ አትግቡ።

መንቀጥቀጡ ቆሞ ግራ የተጋባ ወይም የሚያንቀላፋ ሰው። እግሩን ተዉት። አስተኙት፣ ከነፋስ ከልሉት፣ እርጥቡን አውልቃችሁ ሸፍኑት፣ አምቡላንስ ጥሩ።

## ካልሲውን መንከባከብና መጠገን

በንጹሕ ውሃ ውስጡንም ውጪውንም እጠቡ፤ ጥላ ላይ መጀመሪያ ተገልብጦ፣ ቀጥሎ በገጹ ይድረቅ። ጋዜጣ ብትጎሰጉሱበት ይፈጥናል። ፀሐይና ማሞቂያ ኒዮፕሪኑን ያደርቁታል። በተከታታይ ቀናት የምትዋኙ ከሆነ ሁለተኛ ጥንድ ያዙ፤ ትናንት የረጠበ ካልሲ ገና ስታጠልቁት እግራችሁን ያቀዘቅዘዋል።

ስፌት ሲለቅ፦ ቦታውን አጥባችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቁ። በሁለቱም ጠርዝ ላይ የኒዮፕሪን ማስቲሽ በስሱ ቀቡ፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይድረቅ። ሁለተኛ ድርብ ቀቡ፤ ሲነካ እጅ ላይ የማይለጠፍ እስኪሆን ጠብቁና ጠርዞቹን ገጥማችሁ በኃይል ተጫኑ። ወፍራም አድርጎ በአንዴ መቀባት አይሠራም፤ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ይቀራል። 24 ሰዓት ሳይሞላ ውሃ አታስነኩት፤ ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ አንጠልጥሉና ደግማችሁ ፈትሹ።

ያረጀ መሆኑን ለማወቅ ተረከዙ ላይ በሁለት ጣት አጥብቃችሁ ቆንጥጡና ልቀቁት። ተጨምቆ ከቀረና ካልተነፋ ውስጡ ያሉት አረፋዎች ፈንድተዋል፤ የበጋ የድንጋይ ጫማ አድርጉት፣ ለክረምት ሌላ ግዙ።